ከስልክ ባትሪ እስከ መኪና፦ መጠበቅ የሚያዋጣው መቼ ነው?

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ድምፅ ሳያሰሙ ከሚያልፉት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ቢዋይዲ የተባለው የቻይና ኩባንያ ሥራዎች ናቸው። ኩባንያው ዛሬ በዓለም የኤሌክትሪክ መኪና ሽያጭ ከፊተኞቹ ተርታ ቆሟል። ሲነሣ ግን መኪና የሚባል ነገር አልነካም፤ የሚሠራው የሞባይል ስልክ ባትሪ ነበር። በኋላ የስልክ ሠሪዎቹ ኖኪያና ሞቶሮላም ደንበኞቹ ሆኑ።

ወዳጆቼ፣ ይህን ታሪክ ልነግራችሁ ስነሣ ሦስት ጥያቄዎች ይዤ ነው። የስልክ ባትሪ የሚሠራ ድርጅት እንዴት ወደ መኪና ገበያ ይገባል? እንዲህ ሲያደርግ ገንዘቡን አምኖ የሚሰጠው ማን ነው? የሰጠውስ ሰው ስንት ዓመት ይጠብቃል? ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በእኛ አካባቢ፣ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ዛፍ ተክሎ አምስት ዓመት የሚጠብቅ ገበሬ ሞልቷል። የአክሲዮን ገበያም አገራችን ውስጥ ተከፍቷል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብናውቀው ይጠቅመናል።

ሃያ ሠራተኛና አንድ ብድር

ዋንግ ቹዋንፉ እ.ኤ.አ. በ1966 በቻይና አንሁይ ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ እናትና አባቱን ስላጣ ያሳደጉትና ያስተማሩት ታላላቆቹ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የብረታ ብረት ኬሚስትሪ አጠና፤ ከዚያ በቤጂንግ በአንድ የመንግሥት ምርምር ተቋም ባትሪ ላይ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1995 ከዘመዱ 2.5 ሚሊዮን ዩዋን ተበድሮ፣ 20 ያህል ሠራተኞች ቀጥሮ ሼንዘን ከተማ ላይ ቢዋይዲን አቋቋመ።

በዚያን ጊዜ የሚሞላ ባትሪ ገበያ በጃፓኖቹ በሶኒና በሳንዮ እጅ ነበር። እነሱ ባትሪ የሚያመርቱት ሰው ብዙም በማይነካው ውድ ማሽን ነው። ዋንግ ያንን ማሽን የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ያለው የተማረው ኬሚስትሪና ሥራ ፈልጎ ከገጠር ወደ ሼንዘን የሚጎርፍ ወጣት ነው። ስለዚህ ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚሠራውን ሥራ በብዙ ትናንሽ እርምጃዎች ከፋፈለው። አንዷ ሠራተኛ ስሱን የብረት ወረቀት ትቆርጣለች፤ ከጎኗ ያለችው ትጠቀልላለች፤ ሌላዋ ቆርቆሮው ውስጥ ታስገባለች፤ የሚቀጥለው ይፈትሻል። እጅ እንዳይስት በየሠራተኛው ፊት ዕቃውን በልኩ የሚይዝ ቀላል መያዣ ተቀመጠ። ውድ ማሽን በርካሽ መያዣና በብዙ እጅ ተተካ፤ የባትሪውም ዋጋ ከጃፓኖቹ በጣም ወረደ።

ዋጋ መቀነስ ብቻውን ግን ሞቶሮላን አያሳምንም። ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች ባትሪው እንዳይፈነዳ፣ እንዳያብጥ፣ ቶሎ እንዳይደክም ይፈልጋሉ። ቢዋይዲ ያንን ፈተና አልፎ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሞቶሮላ፣ በ2002 ደግሞ ለኖኪያ ማቅረብ ጀመረ። በዚያው በ2002 በሆንግ ኮንግ የአክሲዮን ገበያ ተመዘገበ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ በአንድ ሙያ ጎበዝ የሆነ ድርጅት ታሪክ ነው።

ባለአክሲዮኖቹ ለምን ተቆጡ?

ገበያው ላይ ከዋለ ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 መግቢያ፣ ዋንግ ሺአን ከተማ የሚገኘውን ቺንቹዋን የተባለ አነስተኛ የመኪና ፋብሪካ አብዛኛውን ድርሻ ገዛ። ባለአክሲዮኖቹ ደነገጡ፣ ተቆጡም። ብዙዎቹ ለመሸጥ ተሽቀዳደሙ፤ የአክሲዮኑ ዋጋ ወዲያው አሽቆለቆለ።

በቁጣቸው አልፈርድባቸውም። ገንዘባቸውን የሰጡት ለባትሪ ሥራ ነው። መኪና ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ፋብሪካው ሰፊ፣ ወጪው ከባድ፣ ተወዳዳሪው ቶዮታና ቮልስዋገን ነው። የሚያውቀውን ትቶ ወደማያውቀው የሚሮጥ ድርጅት ሁለቱንም ያጣል የሚል ሥጋት ጤናማ ሥጋት ነው። ድርጅቱ ለዘለለ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ የሚባል አይደለም።

ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ2005 ኤፍ3 የተባለች የቤት መኪና ይዞ ወጣ። መልኳ ከቶዮታ ኮሮላ ጋር የሚቀራረብ፣ ዋጋዋ ግን በጣም ዝቅ ያለ ነበር፤ ቻይና ውስጥ በደንብ ተሸጠች። በቤንዚን የምትሄድ መኪና ናት። ዋንግ በዓይነ ሕሊናው ያያት ግን ሌላ መኪና ነበረች፤ በራሱ ባትሪ የምትሄድ።

አዲስ ገበያ ሲገባ ምን ይዞ ይሻገራል?

የዚህ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ጋ ነው። የቤንዚን መኪና ስትከፍቱ የምታገኙት ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ካንዴላውን፣ ማርሚታውን ነው። የድሮዎቹ መኪና ሠሪዎች ለመቶ ዓመት የተካኑት በእነዚህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ግን እነዚህ የሉም። ባትሪ አለ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ፣ ሁለቱን የሚያዝ ኤሌክትሮኒክስ አለ። ከመኪናው የማምረቻ ወጪ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ባትሪው ነው። እንግዲህ ባትሪ ሠሪው ወደ አዲሱ ገበያ የገባው ባዶ እጁን አይደለም፤ የመኪናውን ውድ ክፍል ይዞ ነው። ቶዮታ ሊማረው የሚገባውን ዋንግ አስቀድሞ ያውቀዋል።

ስለዚህ አንድ የኤሌክትሮኒክስ አምራች አዲስ ዕቃ ሊሸጥ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከድሮ ሥራው ምን ወደ አዲሱ ይሻገርለታል? እኔ የማያቸው መልሶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ዕቃውን ራሱን የማወቅ ነገር ነው፤ የቢዋይዲ ባትሪ እንዲህ ያለ ነው።

ሁለተኛው ደንበኛውን ማወቅ ነው። ለዚህ ምሳሌው ኪሳችን ውስጥ አለ። ቴክኖን፣ አይቴልንና ኢንፊኒክስን የሚሠራው ትራንሽን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ተቋቋመ፤ ትኩረቱንም አፍሪካ ላይ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ የስልክ መገጣጠሚያ ከፈተ። ሌሎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ለአውሮፓ የሠሩትን ስልክ ወደ እኛ ሲልኩ፣ ትራንሽን መብራት በሌለበት ገጠር ለቀናት የሚቆይ ባትሪ፣ ሁለት ሲም የሚይዝ ቀፎ፣ በአማርኛ የሚጽፍ ስልክ፣ የጠይም ሰውን ፊት አጥርቶ የሚያነሣ ካሜራ ይዞ መጣ። የገጠር ሰው ገበያ በወጣ ቁጥር ስልኩን ከፍሎ ቻርጅ በሚያስደርግበት ዘመን የባትሪ ዕድሜ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የዳንግላ ገበያተኛ ያውቀዋል። ያንን ያወቀ ኩባንያ ነው ገበያውን የወሰደው።

ትራንሽን በኋላ ኦራይሞ በሚለው ስም ቻርጀር፣ ፓወር ባንክና የጆሮ ማዳመጫ፣ ሲኒክስ በሚለው ደግሞ ቴሌቪዥንና የቤት ዕቃ ወደ መሸጥ ገባ። ቴሌቪዥን ከስልክ የተለየ ዕቃ ነው። የተሻገረለት የደንበኛው አመኔታና እስከ ትንሿ ከተማ የሚደርሰው የሱቅ መረብ ነው። ቴክኖ የሚሸጠው ባለሱቅ ኦራይሞንም አጠገቡ ይደረድረዋል።

ሦስተኛው የአካባቢው አቅርቦት ነው። ሻዎሚ የተባለው የስልክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በ10 ዓመት ውስጥ 10 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ መኪና እሠራለሁ አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2024፣ የመጀመሪያዋን መኪና ገበያ ላይ አዋላት፤ በዚያው ዓመት ከ135 ሺህ በላይ መኪኖችን ለገዢዎች አስረከበ። ይህን ያህል የፈጠነው ባትሪ ሠሪው፣ ሞተር ሠሪው፣ መሐንዲሱ ሁሉ እዚያው ቻይና ውስጥ በአጠገቡ ስለነበሩ ነው።

አሁን ደግሞ ያልተሳካላቸውን እንያቸው፤ እነሱን ሳያዩ ስለ ስኬት ማውራት ሰውን ማሳሳት ነው። ዳይሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በአቧራ መጥረጊያ ማሽን ዓለም ያወቀው ነው። ሞተርና ባትሪ ላይ ጎበዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የኤሌክትሪክ መኪና እሠራለሁ ብሎ ተነሣ፤ በ2019 ተወው። መኪናው ተሠርቷል፤ ግን በሚሸጥበት ዋጋ ወጪውን የሚሸፍን አልሆነም። መሥራቹ ጄምስ ዳይሰን ከራሱ ኪስ 500 ሚሊዮን ፓውንድ እንዳወጣበት ተናግሯል። አፕልም አሥር ዓመት ገደማ መኪና ሲሞክር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሥራውን ዘጋው። አፕል ገንዘብ አላነሰውም፤ በገንዘብ ከእሱ የሚበልጥ ኩባንያ ጥቂት ነው። እንግዲህ ገንዘብና ስም ብቻ ይዞ መሻገር አይበቃም ማለት ነው።

14 ዓመት የጠበቀው ባለአክሲዮን

ወደ ቢዋይዲ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 ሌማን ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ወድቆ የዓለም ገበያ ሲናወጥ፣ የአሜሪካዊው ባለሀብት የዋረን ቡፌት ኩባንያ በርክሻየር ሃተዌይ የቢዋይዲን 225 ሚሊዮን አክሲዮኖች እያንዳንዱን በ8 የሆንግ ኮንግ ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ጠቅላላው ወደ 230 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነው፤ የኩባንያውን 10 በመቶ ያህል ያዘ ማለት ነው። ጉዳዩን አጥብቆ የገፋው የቡፌት የረጅም ጊዜ ባልደረባ ቻርሊ መንገር ነበር። መንገርን ከዋንግ ጋር ያገናኘው ደግሞ ሊ ሉ የተባለ የገንዘብ ባለሙያ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ ተከታተሉኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ የአክሲዮኑ ዋጋ ወደ 10 እጥፍ ገደማ ወጣ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሸጦ ይወጣ ነበር። በርክሻየር አልሸጠም። ከዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ያ ሁሉ ጭማሪ ማለት ይቻላል ረገፈ። ብዙ ሰው እዚህም ጋ ሸጦ ይሸሽ ነበር፤ ዋጋው በወጣ ጊዜ አለመሸጡ እየቆጨው። በርክሻየር አሁንም አልሸጠም። ዋጋው ሲወጣም ሲወርድም ዝም ያለው፣ ዋጋው ሳይሆን ሌላ ነገር ስለሚታየው ነው።

ምን ይታየው ነበር? በባትሪም በቤንዚንም የምትሄደው የቢዋይዲ የመጀመሪያዋ መኪና እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ወጣች። ሼንዘን ከተማ ታክሲዎቿን ቀስ በቀስ ወደ ኤሌክትሪክ መለሰች። አውቶቡሶቿንም ቀየረች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በከተማዋ ያሉት ከ16 ሺህ በላይ አውቶቡሶች ሁሉ የኤሌክትሪክ ሆኑ፤ አብዛኞቹ የቢዋይዲ ናቸው። የባትሪ ዋጋ ከዓመት ዓመት ወረደ። በ2020 ኩባንያው ሙቀትን ከቀድሞዎቹ በተሻለ የሚቋቋም አዲስ ባትሪ አወጣ። በ2022 ደግሞ በቤንዚን ብቻ የሚሄድ መኪና መሥራት አቆመ። ዋጋው የሚንቀጠቀጥ ቢሆንም፣ ገንዘቡ የገባበት ምክንያት በየዓመቱ እየጠነከረ ሄደ።

በርክሻየር መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ነው፤ በወቅቱ ዋጋው 277 የሆንግ ኮንግ ዶላር አካባቢ ደርሶ ነበር። 8 የገባው 277 ሆነ፤ 34 እጥፍ ማለት ነው። በ14 ዓመት ሲካፈል በየዓመቱ 29 በመቶ ያህል ያደገ ገንዘብ ይሆናል። በ2025 በርክሻየር ሙሉ በሙሉ ጠቅልሎ ወጣ። ቢዋይዲ ደግሞ በ2024 ብቻ 4.27 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ሸጧል።

ታሪኩን እዚህ ላይ አቁሜ “ታገሡ፣ ትከብራላችሁ” ብላችሁ በዋሸኋችሁ ነበር። በዚያው ዘመን የኖኪያን አክሲዮን ይዞ በትዕግሥት የተቀመጠ ሰውም አለ። ኖኪያ የስልክ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2014 ለማይክሮሶፍት አስረክቦ ወጣ። የፎቶ ፊልም ሠሪው ኮዳክም እ.ኤ.አ. በጥር 2012 የመክሰር ጥበቃ ጠየቀ። የእነዚያ ባለአክሲዮኖች ትዕግሥት ከቡፌት ትዕግሥት አላነሰም። የሚለያቸው፣ የጠበቁበት ምክንያት በዓይናቸው ፊት እየሞተ መሆኑን አለማየታቸው ነው። ሰው የሚነካውን ስክሪን ሲመርጥ፣ ፎቶግራፍ ከፊልም ወደ ዲጂታል ሲዞር፣ የድሮው ምክንያት አልቆ ነበር። የትዕግሥት ሥራ እንግዲህ ምክንያቱ በሕይወት መኖሩን ዓመት ከዓመት መፈተሽ ነው።

ፋግታ ለኮማ ላይ ያለው ትምህርት

ይህን የሚያውቅ ሰው ለማግኘት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። ከዳንግላ ተነሥታችሁ አዲስ ቅዳምን አልፋችሁ ወደ እንጅባራ ስትጓዙ መንገዱን የሚያጅባችሁ ዛፍ ዲከረንስ ነው። መነሻው አውስትራሊያ የሆነ የግራር ዝርያ ነው። ፋግታ ለኮማ ወረዳ አፈሩ በአሲድ የተጎዳ፣ እህል የማይሰጥ መሬት በብዛት ነበረው። ገበሬው በዚያ መሬት ላይ ዛፉን መትከል ጀመረ፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አካባቢውን ሞላው።

አሠራሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። በመጀመሪያው ክረምት ገበሬው ጤፍ በዘራበት መሬት ላይ ችግኙን ይተክላል፤ ጤፉን ሲያርም ችግኙንም አብሮ ያርማል። ያን ዓመት መሬቱ ጤፍ ሰጥቶታል፤ አልተራበም። በሁለተኛው ዓመት ዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር አጭዶ ለከብት ያበላል ወይም ይሸጣል። በሦስተኛው ዓመት ቅርንጫፎቹ ይገናኙና መሬቱ ይጨልማል፤ ምንም አይሰጥም፤ ብቻ ይጠበቃል። በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ፣ ተከምሮ፣ በሣርና በአፈር ተሸፍኖ ይከሰላል። ከሰሉ በጆንያ ሆኖ በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይጓዛል። ዛፉ የቆየበት መሬት ለምለም ሆኖ፣ ከሰሉ የተቃጠለበት አመድ አሲዱን አብርዶለት፣ እንደገና ጤፍ ይዘራበታል።

እዚህ ውስጥ የቡፌት ታሪክ በሙሉ አለ፤ አንድ ነገር ደግሞ ይጨምርበታል። ገበሬው አምስት ዓመት መጠበቅ የቻለው በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ፣ በሁለተኛው ሣር ስለነበረው ነው። የሚበላ ያጣ ሰው ዛፉን ቆሞ ሳለ፣ ሳይደርስ፣ ለነጋዴ በርካሽ ይሸጠዋል። ቸኩሎ አይደለም፤ ቸግሮት ነው። ስለዚህ ስለ ትዕግሥት ሲወራ የሰውየውን ጠባይ ከማመስገን በፊት ጓዳውን ማየት ይገባል። የዓመት ቀለብህን፣ የልጅህን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የመታከሚያ ገንዘብህን አክሲዮን ውስጥ ከከተትክ፣ ልብህ ቡፌት ቢሆንም በመጥፎው ቀን ለመሸጥ ትገደዳለህ።

ከዚያ ደግሞ በሽታው መጣ። በ2012 ዓ.ም. አካባቢ ቅጠሉንና ግንዱን የሚያጠቃ የዋግ በሽታ ዲከረንሱን መታው። ችግኞች ደረቁ፤ ያልደረሱ ዛፎች ተቃጠሉ። መሬቱን በሙሉ በዲከረንስ የሸፈነው ገበሬ ክፉኛ ተጎዳ፤ የተወሰነውን ጥማድ ለድንች፣ የተወሰነውን ለስንዴ፣ የተወሰነውን ለባሕር ዛፍ ያስቀረው ግን ተነፈሰ። ለዓመታት ያዋጣ ነገር ነገም ያዋጣል ብሎ ሁሉን አንድ ቦታ ማስቀመጥ የትዕግሥት ሳይሆን የመታወር ምልክት ነው። ቡፌትም ቢሆን ከነበረው ሀብት ቢዋይዲ ላይ ያዋለው ትንሽ ክፍልፋይ ነበር፤ ቢጠፋ ኖሮ የማይጥለው።

ገንዘባችን የት ሆኖ ይጠብቅ?

እኛም ሀገር የረጅም ጊዜ ገንዘብ ምን እንደሚሠራ ያየንበት ታላቅ ምሳሌ አለ። የዓባይ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተቀመጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 14 ዓመት ነው። መምህሩ፣ ገበሬው፣ ነጋዴው ቦንድ ገዛ፣ ደመወዙን ቆርጦ ሰጠ። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ የሚገነጠለው መንገድ ወደ ጉባ የሚወስደው ነው፤ ለግድቡ የሚሆን ዕቃ በደጃችን አልፏል። ዛሬ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ቆሟል። እንደ ዜጋ ይህን የመሰለ ትርፍ የለም።

እንደ ቆጣቢ ግን ማወቅ ያለብን ሒሳብ አለ። 1,000 ብር በዓመት 6 በመቶ ወለድ ቢቀመጥ በ5 ዓመት 1,338 ብር ይሆናል። የዕቃ ዋጋ በየዓመቱ በ20 በመቶ ቢጨምር ደግሞ ዛሬ 1,000 ብር የሚገዛ ዕቃ ያኔ 2,488 ብር ይሸጣል። በ2014 ዓ.ም. አካባቢ የሀገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ብር ይዞ ዝም ብሎ መቀመጥ በራሱ ኪሳራ የሆነበት ዘመን ነበር ማለት ነው። ሰው ወደ መሬት፣ ወደ ከብት፣ ወደ ቆርቆሮ የሚሮጠው ለዚህ ነው። የአክሲዮን ጥቅሙም እዚህ ላይ ይታያል፤ ጥሩ ድርጅት የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ ከገበያው ጋር ማንሣት ስለሚችል ባለቤቱን ከዋጋ ንረት በከፊል ይከልለዋል።

በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ አቀረበ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር ያለው ሰው መግባት ይችል ነበር። 47,377 ሰዎች ገዙ፤ የተሸጠው ግን 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። እስከዚያ ድረስ አክሲዮን የገዛ ሰው መሸጥ ሲፈልግ በዘመድና በደላላ ገዢ ያፈላልግ ነበር። ገበያው ሲሰፋ ዋጋ በየቀኑ ይታያል። በየቀኑ የሚታይ ዋጋ ደግሞ ለትዕግሥት ትልቅ ፈተና ነው። ዲከረንስ በየቀኑ ዋጋው ቢለጠፍበት ኖሮ ስንቱ በሦስተኛው ዓመት ይቆርጠው ነበር!

አዲሱ ገበያ ወደ እኛ ሲመጣ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚያም ቀደም ብሎ ለኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥ ቀንሶ ነበር፤ ተፈታትቶ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ፣ በከፊል ተገጣጥሞ የሚገባው 5 በመቶ፣ ሙሉ ሆኖ የሚገባው 15 በመቶ እንዲከፍል ተወሰነ። የዚህ ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ የዓባይ መብራት ግን የራሳችን ነው።

እንጅባራና ዳንግላ ላይ ይህ ለውጥ በብዛት የሚመጣው በቤት መኪና ሳይሆን በባጃጅና በሞተር ሳይክል ይመስለኛል። የከተማችን ሕይወት የሚሽከረከረው በባጃጅ ነው። ቀን ሠርቶ ሌሊት ግቢው ውስጥ ቻርጅ ለሚያደርግ ባለባጃጅ፣ የቤንዚን ሰልፍ መቅረቱ ብቻ ትልቅ ነገር ነው። አዳዲስ አምራቾችም ይመጣሉ፤ ትናንት ስልክና ቻርጀር የሸጠልን ነገ ባለሦስት እግር ሊያመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ገዢውም ባለሀብት ነው፤ ያለውን ሁሉ በአንድ ዕቃ ላይ ያውላልና። ስለዚህ ባለአክሲዮን የሚጠይቀውን ጥያቄ እሱም ይጠይቅ፤ ይህ ድርጅት ከድሮ ሥራው ምን ይዞ ተሻገረ?

ሲገዛ ባትሪውን ይመልከት። እንደ መኪና ባትሪ ያለው የእርሳስ ባትሪ ርካሽ ነው፤ በየቀኑ እስኪያልቅ ከተሠራበት ግን ከጥቂት መቶ ጊዜ መሙላት በኋላ ይደክማል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው፣ የቢዋይዲም መኪኖች የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ ሲገዛ ውድ ቢሆንም ከ2,000 ጊዜ በላይ ይሞላል። በየቀኑ አንድ ጊዜ ለሚሞላ ሰው ልዩነቱ የአንድ ዓመትና የአምስት ዓመት ነው። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት፤ ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፣ ዳገትም ይበላዋል። የወረቀቱን ኪሎ ሜትር ሳይሆን የሐምሌን ጠዋት ኪሎ ሜትር ጠይቁ። ባትሪው ሲደክም ማን ይቀይረዋል፣ መለዋወጫውስ ባሕር ዳር ወይም ዳንግላ ይገኛል ወይ? አዲስ ገበያ የገባ አምራች ቆርጦ መግባቱ የሚታወቀው በማስታወቂያው ሳይሆን በጋራዡና በመለዋወጫ ሱቁ ነው።

ሌላም አለ፤ ሳልናገር ባልፍ የአካባቢያችንን እውነት መደበቅ ይሆንብኛል። መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የትኛውም ጥሩ ድርጅት አብሮ ይቆማል። ሰላም በየትኛውም የኩባንያ ሒሳብ መዝገብ ላይ የማይጻፍ ሀብት ነው። ሁሉንም ገንዘብ አንድ ከተማ፣ አንድ ሥራ፣ አንድ ዕቃ ላይ አለማድረግ ከዚህም አንጻር ይመከራል።

እንግዲህ ከሁሉ በላይ አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። አክሲዮንም ሆነ ባጃጅ፣ ችግኝም ሆነ ቦንድ ስትገዙ በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ። የመጀመሪያው፣ ይህን የገዛሁት ለዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው፣ ምክንያቱ በሕይወት መኖሩን በየዓመቱ የማየው በዚህ ነው፤ በሽያጩ፣ በትርፍ ድርሻው፣ በመለዋወጫው፣ በዛፉ ጤና። ሦስተኛው፣ ይህ ከሆነ ዋጋው ምንም ቢሆን ሸጬ እወጣለሁ። ቀኑን ጻፉበት፤ ከአክሲዮን ሰርተፍኬቱ ጋር አኑሩት። በየመስከረሙ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት መጀመሪያ እሱን አንብቡ፤ ምክንያቱ ካለ ዋጋው ቢወርድም ቆዩ፣ ምክንያቱ ካለቀ ዋጋው ቢወደድም ውጡ።